እግር የሚያይ ከበሮ

እንቅልፍ እንቢ ካለ እንቢ ነው። መጋረጃውን በብርድ ልብስ ደርቦታል፣ የመስኮቱን ጠርዝ በፎጣ ጠቅጥቆታል፣ ስልኩን ገልብጦ ከትራሱ ሥር ከትቶታል፤ ፀሐይዋ ግን እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት ቀዳዳ አታጣም፣ በአንዲት ቀጭን ክር መጥታ ዓይኑ ላይ ተቀምጣለች። አገሩ ሁሉ ወደ ሥራ ሲወጣ እሱ ከሥራ ይገባል። የሚሠራው የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አጣቢ ይባላል እንጂ የሚያጥቡትስ ማሽኖቹ ናቸው፣ እሱ ሲያጎርሳቸውና ሲያስተፋቸው ያድራል። ጠዋት ላይ ወገቡ የሌላ ሰው ወገብ ይመስለዋል፣ እግሩ ጫማ አውልቆም ጫማ ውስጥ ነው፣ ጭንቅላቱ ብቻ ለማይረባ ነገር ንቁ ነው። ተኛ፣ ተገላበጠ። ከላይ ያለው ተከራይ ወንበር ጎተተ። የውኃ ቧንቧው ጉሮሮውን ጠረገ። መንገድ ላይ የጭነት መኪና በር ድው አለ፤ ይኼኛው ዘገየ፣ ትንሽ ቀደም ቢል ኖሮ ከቧንቧው ጋር ይገጥም ነበር። አየህ፣ ይላል ለራሱ፣ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ኃጢአቱን ይቆጥራል፣ አንተ የሰው ወንበር ትቆጥራለህ።

ይኼ ልማድ የመጣበት ከሌላኛው ሥራው ነው፤ ሥራ ከተባለ። አብሮት ይኖር የነበረ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ጥሎለት በሄደው አሮጌ ላፕቶፕ ከበሮ ይሠራል። ቆዳ የለ፣ እንጨት የለ፣ ከኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ከበሮ። አንድ ወፍራም ድምፅ ይወስዳል፣ በአንድ ቅጽበት ከላይ ወደ ታች ያንሸራትተዋል፣ ዱም ይላል። ከላዩ ሻወር የሚመስል ሽሽታ ይጨምርበታል፣ ሽሽታውን የዓይን ጥቅሻ እስኪያክል ይቆርጠዋል፣ ያኔ የመዳፍ ጥፊ ይሆናል። ዱሙንና ጥፊውን ስክሪኑ ላይ በተሰመሩት መስመሮች ይደረድራል፤ መጨረሻውን ከመነሻው ጋር ያጋጥመዋል፣ እንደ ወፍጮ እየዞረ ራሱን እንዲደጋግም። ይኼን ነው ሉፕ የሚሉት። ማስታወቂያና የጭፈራ ቤት ሙዚቃ የሚሠሩ ሰዎች ከአንድ ድረ ገጽ ላይ ያወርዱትና ከዘፈናቸው ሥር ይጎዘጉዙታል፤ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ የሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛስ አንሶላውን ማን እንዳጠበው መቼ ጠይቆ ያውቃል። መጀመሪያ አካባቢ የላካቸውን ሁሉ መለሱበት። ገምጋሚ የሚባል፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀው ሰው፣ ወይም ሰው ይሁን ማሽን ያልለየለት ነገር፣ «ምቱ ይንሻፈፋል፣ ወደ መስመሩ ይግባ» ብሎ ይጽፍለታል። አስገባው። አንዷን ምት ካንዷ ጋር እንደ ቀሚስ ጠርዝ አስተካክሎ ማጠፍ ተማረ፣ ከዚያ ወዲህ የሚመልስበት ጠፋ። ደግሞም ይኼን ያህል የሚከብድ አልነበረም፤ እጁ ማጠፍ ለምዷል።

ከትራሱ ሥር ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ፍራሹ ራሱ የሆነ ነገር ያለው መሰለው። የእህቱ ልጅ ናት። በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም፣ ስለዚህ ያነሳው ተቀምጦ ነው። «አጎቴ፣ ተኝተህ ነበር?» «አይ፣ ነቅቻለሁ።» ተኝቶ ቢሆንም የሚለው ይኼንኑ ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር፤ ግን ለእማዬ እንዳትነግራት። ሙች በል።» «ምን ሆናችሁ?» «መጀመሪያ ሙች በል።» «ሙች፣ በይ አሁን ተናገሪ፣ ልቤን አታውልቂው።» ልጅቷ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለሠርጌ ከበሮ ሥራልኝ። ያን በኮምፒውተር የምትሠራውን።» ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ የሆነ የሠፈር ቀልድ መስሎታል። «እናትሽ ቁጭ ብላ? እሷ ከበሮ ያልያዘችበት ሠርግ እናንተ ሠፈር ሠርግ ይባላል እንዴ?» አለ፤ በስልኩ ውስጥ ያለው ዝምታ ሳቁን እንደ ክር እየጎተተ አወጣበት። «እማዬ አትመታም፣ አጎቴ። ቀኝ እጇ እንቢ ብሏታል።» «እንቢ ማለት?» «አይታዘዛትማ። አንድ ቀን ጠዋት ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ብላ እጇ ቀረ። አፏም ትንሽ ተጣሞ ነበር፣ እሱስ ተሻላት። ስትሮክ ነው አሉ።» መቼ? መቼ ነው ይኼ የሆነው? ከክረምቱ በፊት ነው አለችው፣ ከክረምቱ በፊት፣ ክረምቱ ገብቶ ወጥቶ ሌላ ሊገባ ነው፤ ስንቴ ተደዋውለዋል በዚህ መሐል፣ «እንዴት ነሽ እትዬ» «እንደ በሬ ነኝ፣ አንተስ» «ደህና» «በል ቆጣቢ ሁን፣ ዝጋው»። ካሜራዬ ተሰብሯል ብላው ነበር። እሱም፣ ሞኙ፣ አዲስ ስልክ እልክልሻለሁ ሲል ነበር።

ደህና፣ እሺ፣ ለምን ደበቀችኝ ይላል። መልሱን ግን ያውቀዋል። ወገኖቹ የሚያውቁት እሱ ሆስፒታል እንደሚሠራ ነው። ውሸት አልተናገረም፣ «ሆስፒታል ነኝ» ነው ያለው፣ አንሶላ የሚለውን እነሱ አልጠየቁም እሱም አልጨመረም፤ ሠፈሩ የቀረውን ሞልቶ «ዶክተሩ» ብሎ ሰየመው። እህቱ ስትወድቅ ጎረቤቶቿ ምን እንዳሏት ልጅቷ ሳትፈልግ አመለጣት፦ «ወንድምሽ እዚያ ባለሙያ አይደል፣ ጠይቂው እንጂ አሏት፤ እማዬ ግን እሱን አታድክሙት፣ የሰው ነፍስ በእጁ ነው አለች።» የሰው ነፍስ በእጁ ነው። እጁን አየው። በሳሙናው የተላጠ፣ ጣቶቹ መሐል የተሰነጠቀ እጅ። ምን ይላታል አሁን? ልጅቷ «ትሠራልኛለህ?» አለችው። «እሠራለሁ» አለ። ሌላ ምን ይላል።

እትዬ ያሳደገችው እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ራሷን ያልቻለች ልጃገረድ ነበረች፤ ሴትየዋ ለታናሽ ልጇ ጡት ብቻ ሳይሆን እናትም አውርሳ ሄደች ይባል ነበር። ሠፈር ውስጥ ሠርግ ሲኖር እትዬን መጥተው ይወስዷታል፤ ከበሮው በሰፊ ማንገቻ አንገቷ ላይ ይወርዳል፣ ቀኝ መዳፏ ወፍራሙን ፊት ይላል ዱም፣ ግራዋ ቀጭኑን ታ፣ ታታ፤ በዚያ መሐል የሆነች መዘግየት አለች፣ ሰው ደረጃ ሲወርድ አንዲት ደረጃ እንደጎደለችበት፣ ልብ እዚያ ላይ ዝቅ ይልና ዱሙ መጥቶ ይቀበለዋል። ያቺን ይፈልጋታል። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ድምፁን ለመሥራት ብዙም አልደከመ፤ የቆዳውን ውጥረት፣ የመዳፉን ጥፊ፣ ከሥር የሚቀረውን የእንጨት ማጉረምረም አመጣው። በትንሽ ስልክ ሲሰማ ዱሙ እንዳይጠፋ ከላዩ ቀጫጭን ድምፆች ጨመረበት፤ ጆሮ የዋህ ነው፣ የቅርንጫፉን ድምፅ ሲሰማ ግንዱን ራሱ ይሞላዋል። መዘግየቷ ግን አልመጣ አለችው። ምቱን ከመስመሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ የተሳሳተ ይመስላል። ይመልሰዋል፤ የሞተ ይመስላል። እንደገና ይጎትታል፤ አሁን ሰካራም ሆነ። ለሥራ የሚወጣበት ሰዓት ደረሰ፤ ልብሱን እየለበሰ በደፈናው አንዱን መርጦ ላከ።

መልሱ የደረሰው ማሽኖቹ መሐል ቆሞ ነው። ልጅቷ በድምፅ ነው የላከችው፣ እየሳቀች፣ ሳቋን ለመዋጥ እየታገለች፦ «አጎቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ድካምህን ይቁጠርልህ፣ ግን እንዳትቀየመኝ… ሚዜዎቼ ሲሰሙት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይመስላል አሉ።» ዙሪያውን ተመለከተ። የማሽኖቹ ክብ መስኮቶች እንደ ትላልቅ ዓይኖች ያዩታል፣ ከውስጣቸው እርጥብ አንሶላ ይወድቃል፣ ዱፍ፣ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ዱፍ፣ እኩል፣ እኩል፣ እኩል። ሳቁ መጣ። የሚያጠፈውን ትቶ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ፤ አለቃው ከመስታወት ክፍሉ ብቅ ብሎ «ደህና ነህ?» አለው። «ደህና ነኝ» አለ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፤ እዚሁ ላይ፣ እስካሁን ሊጠይቅ ያልደፈረውን ጠየቀ፦ «የእህቴ ልጅ ታገባለች፤ ፈቃድ ባገኝ።» አለቃው ክፉ ሰው አይደለም። «እኔ እሰጥሃለሁ» አለው፣ «ወረቀትህ ግን ይፈቅድልሃል ወይ?» ለካ ሰውየው ከእሱ ይልቅ ያውቃል። በእረፍቱ ሰዓት ለመኖሪያ ፈቃድ ቢሮው የስልክ መስመር ደወለ፤ የተቀረጸ የሴት ድምፅ፣ ትሕትናዋ የሚያሰለች፣ ይኼን ከፈለጉ ይኼን ይጫኑ፣ ያንን ከፈለጉ ያንን፣ ሲጫን ሲጫን መጨረሻ ላይ ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው፣ ከአገር ከወጡ ማመልከቻዎ እንደተተወ ይቆጠራል አለችው። ቀጥላ ሙዚቃ ለቀቀችበት። ምቱን አዳመጠው። እሱ የሠራው አይደለም፤ ግን እንደ እሱ ያለ ሰው የሠራው ነው፣ አንድም ቦታ አይንሻፈፍም።

በማግሥቱ፣ ወይም በማግሥቱ ማግሥት፣ ቀኖቹ ተደባልቀውበታል፣ ለእህቱ ደወለ። የመደወያ ምክንያቱን አልጋው ላይ ሆኖ ሲለማመድ ነው የቆየው፤ ሙች ብሏል፣ የእጇን ነገር አያነሳም፣ እንዲያው ዙሪያውን ይዞራል። «ሸንበቆ!» አለች። ከልጅነቱ ጀምሮ ከእሷ በቀር በዚህ ስም የሚጠራው የለም። «ምነው በዚህ ሰዓት፣ ታመምክ እንዴ?» «ደህና ነኝ። አንቺስ?» «እንደ በሬ ነኝ።» ቃሏ ላይ አሁን ሲያዳምጠው አንዲት ጥግ የተላጠች ነገር አለች፣ በ«በሬ» ላይ ምላሷ ዘግይቶ ይነሳል፤ ይኼን ሁሉ ጊዜ ድምፅ ሲቆርጥ ሲቀጥል የሚውል ጆሮ እንዴት አልሰማውም? «የሠርጉ ዝግጅት እንዴት ነው?» «ይኸው እንራወጣለን። ድንኳኑ ተይዟል፣ ወንበሩ አልተገኘም፤ የወንዱ ወገኖች ሰው እናበዛለን አሉ፣ አብዙ አልኳቸው፣ ቆማችሁ ትበላላችሁ።» ሳቁ። ደህና ሄደ። «እትዬ፣ አንቺ ስትመቺ… ከሁለተኛው ጥፊ በኋላ ትንሽ ትቆያለሽ አይደል? ምን ያህል ነው የምትቆይው?»

«ምን ስመታ?»

«ከበሮ።»

ከጀርባዋ ሰው ሚስማር ይመታል። «ምነው ዛሬ ከበሮ ትዝ አለህ?»

«እንዲያው ነው።»

«አንተ እንዲያው ጠይቀህ አታውቅም። ነገረችህ። ያቺ ወንፊት! ከእኔ ማሕፀን ወንፊት ወጣች!»

«ለምን ደበቅሽኝ፣ እትዬ?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ትመጣለህ? አትመጣም። ትተኛለህ? አትተኛም። ታዲያ አንዱን እጄን ካጣሁ አይበቃም፣ የአንተን እንቅልፍ ምን ላድርገው?» «እና ለምንድነው የምትጠይቀኝ?» አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ፣ ነገሩ እየገባት ነው። «ሸንበቆ፣ ምን ልትሠሩ ነው? ልጄን በማሽን ልትድሩ ነው?»

«እሷ ናት እኮ የጠየቀችኝ፣ መላ ቢጠፋባት—»

«እኔ በቁሜ? የሰው ልጅ ሁሉ በዚህ እጅ ተድሮ የእኔ ልጅ በሳጥን? እጇ ሞተና ወንድሟ በሳጥን ተካት ይበሉኝ?»

«እትዬ፣ ልተካሽ አይደለም፤ ማን ይተካሻል፤ እኔ—»

«በል ተወኝ» አለች፣ በቁጣ ሳይሆን ደክሟት፤ ይኼ ከቁጣው የባሰ ነው። ስልኩ ተዘጋ። የሚስማሩ ምት ለአፍታ ጆሮው ውስጥ ቆየ።

ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን አልከፈተም። ይመጣል፣ ይተኛል፣ አይተኛም፣ ይሄዳል። አንዳንዴ ተኝቶ ያለ ይመስለውና እትዬ ማሽኖቹ መሐል ቆማ እጇን በክብ መስኮት ውስጥ ስትፈልግ ያያል፤ ነቅቶ መሆኑን የሚያውቀው የላይኛው ተከራይ ወንበር ሲጎትት ነው። ምን አጠፋሁ ይላል። ያጠፋውን ያውቃል፤ እዚያ አልነበረም፣ ጥፋቱ ይኸው ነው። ሰው ሳይኖር ድምፅ ብቻ መላክ የለመደበት ነው፤ በበዓል ድምፅ፣ በለቅሶ ድምፅ፣ አሁን ደግሞ ለሠርግ ድምፅ። እሷ ምን አለች? ለልጇ ሠርግ ይኼን አምጡልኝ ያን ላኩልኝ አላለችም፣ እጇን ብቻ ነው አትንኩብኝ ያለችው። ትክክል ናት። ከዚያ ደግሞ ይገለበጥና፣ ልጅቷስ ይላል፤ ልጅቷ ከበሮ የሌለበት ድንኳን ውስጥ ልትገባ ነው፣ እሷስ ምን አጠፋች።

ሠርጉ ሲቃረብ ልጅቷ ቪዲዮ ላከችለት። «ስንለማመድ ነው፣ እማዬ አኩርፋለች፣ ግን ዛሬ ወጥታ ተቀመጠች» ብላ ጽፋለች። አልጋው ላይ ተጋድሞ ከፈተው፤ ድምፁ አልመጣም፣ ስትልከው ይሁን ሲያወርደው የሆነ ቦታ ቀርቷል። ግቢ ውስጥ ሴቶች ይጨፍራሉ፣ አፋቸው ይከፈታል፣ እጃቸው ይጋጫል፣ አንዳች የሚሰማ ነገር የለም። ከጥግ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ እትዬ። እያያት ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ እያያት ነው፤ ከስታለች፣ ፀጉሯ ከፊት ነጥቷል፣ ቀኝ እጇ ሻርፕ ተደርቦበት ጭኗ ላይ እንደ ተኛ ሕፃን ተቀምጧል። ቪዲዮውን ወደ ኋላ እየመለሰ አያት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ቁጥሩን ተወው። የሚጨፍሩትን ፊት አታይም። ልጇን እንኳን ቀና ብላ አታይም። ዓይኖቿ መሬት ላይ ናቸው፣ መጀመሪያ ያዘነች መሰለው፤ ቆይቶ ነው የገባው፣ እግራቸውን ነው የምታየው። ከሚዜዎቹ አንዷ ወፈር ያለች ናት፣ ሁሌም ከሌሎቹ ትዘገያለች፣ ሁሉም እግራቸውን ካሳረፉ በኋላ የእሷ እግር ገና በአየር ላይ ነው። የእትዬ ግራ እጅ ጉልበቷ ላይ ነው፤ ጣቷ ይነሳል፣ ይቆያል፣ የወፍራሟ እግር መሬት ሲነካ ያኔ ይወርዳል።

ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። መዘግየቷ የእጇ ዓመል አልነበረችም ማለት ነው። ይኼን ያህል ዘመን ሙሽራውም፣ አጫፋሪውም፣ ጎረምሳውም ሲጨፍር፣ እሷ የምትጠብቀው የመጨረሻዋን እግር ነበር፤ ወፍራሟን፣ አንካሳውን፣ የጠጣውን፣ ያረጀችውን። ዱሙ ሁሉም ካረፈ በኋላ ይመጣል፣ ማንም ተዘልሎ አይቀርም። እሱ ግን ከመስመር ጋር ሲታገል ከረመ። ላፕቶፑን ከፍቶ መስመሮቹን አጠፋቸው፤ ባዶ ሆነ፣ እንደ ሜዳ። ቪዲዮውን ከጎኑ ከፍቶ እያንዳንዷን ዱም በእግር ላይ አስቀመጠ፣ እግር ሲወርድ ዱም፣ እግር ሲወርድ ዱም፤ ወፍራሟ ስትዘገይ ጠበቃት፣ ደክሟት በጣም ስትዘገይ በጣም ጠበቃት። ጥፊዎቹን በራሱ ጣት ጠረጴዛው ላይ እየመታ አስገባቸው፣ አንዱ ጠንከር አንዱ ላላ። እንዲዞር አጭር አድርጎ አልቆረጠውም፤ ጭፈራው እንደረዘመ ረዘመ፣ እንደ ሰው ቆየት ሲል ይሞቃል፣ ላብ ይመጣለታል። ገምጋሚው ቢያየው እንደ እርጥብ አንሶላ ወርውሮ በመለሰበት። ማዳመጫውን ሲያወርድ ውጪው ጨልሞ የአውቶቡሱ ሰዓት አልፎ ነበር። ለልጅቷ ላከላት፤ ከሥሩ «እናትሽ ካልፈቀደች አትክፈቱት» ብሎ ጻፈ። ቆየና ደግሞ ጨመረ፦ «የልብስ ማጠቢያ ከመሰለ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የምሠራው እዚያ ነውና። ሐኪም አይደለሁም። አንሶላ ነው የማጥበው። ለእናትሽም ንገሪያት።» ላከውና ስልኩን እንደሚያቃጥል ነገር አስቀመጠው። ልጅቷ የልብ ምልክት መለሰችለት፣ ለየትኛው እንደሆነ ግን አልገባውም።

የሠርጉ ዕለት ማንም አልደወለም። ማን ይደውላል፣ ሠርግ ቤት ስልክ የሚያነሳ ሰው ሥራ የፈታ ነው። ይኼን ያውቃል፣ ግን ስልኩን እየገለበጠ ያያል። አሁን ሙሽራው መጥቷል። አሁን በር ላይ ተይዟል። አሁን ድንኳን ገቡ። ከፈቱት? ዝም ብለው በጭብጨባ አሳለፉት? ወይስ ከፍተውት እትዬ ተነስታ ወጣች፤ የገዛ ልጇን ሠርግ ጥላ ወጣች፤ ወይ ሰው ሁሉ እያየ እንደዚያን ቀን ጎንበስ ብላ ወደቀች። ምን አስላከኝ ይላል፣ ምን ነበረበት ቢቀር። ማታ ወደ ሥራው ሄደ፣ አጎረሰ፣ አስተፋ፣ አጠፈ። አለቃው «ሠርጉ እንዴት ሆነ?» ሲለው «ጥሩ ነበር» አለው፣ ያየ ይመስል።

ጠዋት ፌርማታው ላይ ቆሟል። ሰዎች አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀብረው ተሰልፈዋል፣ ብርሃኑ ገና አልጠነከረም። ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ስሟን አየና አነሳው። «እትዬ።» «የት ነህ?» «ፌርማታ ላይ። ከሥራ ወጥቼ።» «አንሶላውን አጠብክ?» አለች። «አጠብኩ።» «ጥሩ። የታመመ ሰው በንጹሕ አንሶላ ይተኛ፣ እኔ ተኝቼበት አውቀዋለሁ» አለችና ጉዳዩን በዚህ ዘጋችው፤ ስንት ጊዜ ያንገበገበውን ነገር እንደ አቧራ እፍ ብላ። «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ድምፅዋ ሻክሯል፣ የጮኸ ሰው ድምፅ ነው። «እልል ስል አድሬ ነዋ! ስማ ልንገርህ። አላስከፍትም ብዬ ነበር። እሱን ነገር የከፈተ ከእኔ ጋር ይጣላ ብዬ ከበሩ ሥር ወንበሬን አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። ሴቶቹ በጭብጨባ ጀመሩ። ያው ጭብጨባ መሪ ከሌለው፣ ግማሹ ወደ ጓሮ ግማሹ ወደ በር ሆነ፤ ዘፋኟም ጠፋባት፣ ቆመች። ልጄ አንገቷን ደፋች። በሠርጓ ቀን፣ ሸንበቆ፣ በእኔ ኩራት አንገቷን ደፋች። ያኔ ክፈቱት አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተናደድኩ። መጀመሪያ ሲመታ ስሰማው የእኔን ሰርቆ ነው ብዬ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳይ ያቺ ወፍራሟ አለች፣ የአጥር ጎረቤታችን ልጅ፣ እንደ ልማዷ ዘገየች። ጠበቃት! ሳጥኑ ጠበቃት! አማትየው ተነሱ፣ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ እሳቸውንም ጠበቃቸው፤ ለእሷ የቆየው ለእሳቸውም በቃ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ እግር እግራቸውን እያየሁ፣ ማን ቀረ፣ ማን ወደቀ እያልኩ፤ ማንም አልቀረም። የምይዘው የለኝም፣ የምጠብቀው ሰው የለም። ሥራ ፈታሁ።» ትንፋሽ ወሰደች፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየለትም። «ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ሠርግ አንድ ቀን ጨፍሬ አላውቅም፣ ታውቃለህ? ከበሮ አንገትህ ላይ ካለ መቼ ትጨፍራለህ። የሰው እግር ሳይ ኖርኩ። ትላንት ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ለካ እኔም እግር አለኝ።»

አውቶቡሱ መጣ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላው ያለችው ሴት በትሕትና ጠበቀችው፤ እጁን አወዛውዞ እለፊ አላት። ገቡ። ዓይኑ ይቆጠቁጠዋል፣ ወገቡ እንደ ወትሮው የሌላ ሰው ወገብ ነው። በሮቹ ተዘጉና አውቶቡሱ ሄደ፣ ፌርማታው ላይ ብቻውን ቀረ።

«ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ። ቀጥዪ።»

«ከየት ልቀጥል?»

«ከወንበርሽ ከተነሳሽበት» አላት፣ «አንድም ሳታስቀሪ።»